በአክብሮት የጠበበ ኮሌታ

ሰው በሰው ጉዳይ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኔ የገባሁት በሱሪ ቁልፍ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንድንሸራሸር ሐኪም አዞኛል። የሐኪሙን ትእዛዝ እኔ አከብራለሁ፤ ሆዴ ግን አያከብርም። ታዲያ አንድ ቀን በሽርሽሬ መሀል የጫማዬን ማሰሪያ ላጠብቅ ጎንበስ ስል የሱሪዬ ቁልፍ ተበጥሶ በረረና አንድ የልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ ሄዶ ዐረፈ። ሱሪዬን በአንድ እጄ ጨብጬ፣ ቁልፌን በሌላው አንስቼ ገባሁ። እንደዚያ ሆኖ መንገድ መቀጠል ለአንድ የቀድሞ መምህር አይሆንም።

ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ሥርዓት አለው። በመስኮቱ በኩል ሁለት የስፌት መኪናዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳው ላይ በየሚስማሩ ከካርቶን የተቆረጡ የልብስ ቅዶች ተንጠልጥለዋል። በየቅዱ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ትልቅ»፣ «መካከለኛ»፣ «ትንሽ» ተብሎ ተጽፏል። ጥግ ላይ ደግሞ ጥቁር ጥቁር ጋውኖች ተሰልፈው ተሰቅለዋል፤ ሰባኪዎች መድረክ ላይ የሚለብሷቸው ናቸው።

የቤቱ ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሲተኙም አያወልቁትም ብለው የሚያሟቸው አሉ። ለሰባኪዎች ጋውን በመስፋት ስማቸው የተጠራ ነው፤ በዚያ ላይ በቤተ ክርስቲያናቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው።

«ምን ልታዘዝ?» አሉኝ።

«ሱሪዬ ጠቦኝ ነበር።»

ከወገቤ እስከ ደረቴ አንድ ጊዜ ቃኙኝና «ሱሪውስ እንዳለ ነው ያለው» አሉ።

ከሁለተኛው መኪና ጀርባ አንዲት ወጣት ከት ብላ ሳቀች። ቀና ስትል ዐወቅኋት፤ እሷም ዐወቀችኝ። «መምህር! ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ!» ብላ ተነስታ እጄን ልትጨብጥ መጣች፤ እኔ ግን አንዱ እጄ ሱሪዬን፣ ሌላው ቁልፌን እንደያዘ በአንገቴ ብቻ ሰላም አልኳት። የጋሽ ሜትር የወንድም ልጅ ኖራለች። የልብስ ዲዛይን ተምራ፣ ተመርቃ፣ ከአጎቷ ጋር መሥራት ከጀመረች ብዙም አልቆየች።

መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ሱሪዬን አውልቄ ሰጠሁ። ሐፍረቴን እንድሸፍን ጋሽ ሜትር ከማንጠልጠያው አንድ ትልቅ ጋውን አውርደው አለበሱኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰባኪ መስዬ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሱሪ የሌለው ሰው የትም አይሄድም፤ ቀጥሎ የተነሳውን ክርክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ያስነሳው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ሌላ ጋውን ነው።

«ይኸው ደግሞ ተመለሰ» አሉ ጋሽ ሜትር ኮሌታውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። «ያንቀኛል አሉ፤ አላላሁት። አሁንም ያንቀኛል አሉ፤ ደግሜ አላላሁት። ከዚህ በላይ ባላላው ኮሌታ መሆኑ ቀርቶ የባልዲ አፍ ነው የሚሆነው።»

«የማን ነው?» አልኩ። አያገባኝም፤ ግን አፌ ቀደመኝ።

«የአዲሷ መጋቢያችን። ሴት መጋቢ መጥተውልናል፤ አልሰሙም? ምን ብለን እንደምንጠራቸው እንኳ ገና አልተስማማንም። ወንዱ መጋቢ ከሆነ ሴቷ መጋቢት ልትባል ነው? ታዲያ የካቲትን ማን ልንል ነው?» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቀልዱ ጥሩ ነበር። የወንድማቸው ልጅ ግን ፈገግም አላለች።

«አጎቴ፣ እሁድ እኮ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ውሳኔው ነዋ!»

እንግዳ መሆኔን አይታ ነገሩን አስረዳችኝ። መጋቢዋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የመጡት ለሙከራ ነው። የሙከራው ጊዜ በመጪው እሁድ ያበቃል፤ በዚያን ቀን ከሰበኩ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይቀጥሉ ወይም ይሂዱ ብለው ይወስናሉ። እስካሁን የሚወራው ደግሞ ጥሩ አይደለም። መድረክ ላይ ሲቆሙ ድምፃቸው ይሰልላል፣ ይቆራረጣል። ማይክሮፎን ቢሰጣቸውም የታነቀውን ድምፅ እንደታነቀ አጉልቶ ከማሰማት በቀር የፈየደው ነገር የለም።

«እኔ የሰው ጠላት አይደለሁም» አሉ ጋሽ ሜትር ሱሪዬን እየተረተሩ። «ትምህርታቸው ከማናችንም ይበልጣል። ሰው አክባሪ ናቸው፤ በሽተኛ ይጠይቃሉ። ግን መድረክ ድምፅ ይፈልጋል። የሴት ድምፅ ለመድረክ እንደማይሆን ይኸው አየነው። ምን ላድርግ? እሁድ ስጠየቅ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«እንግዲያው ያዩትን ይንገሩኝ» አለች ልጅቷ። «ሲሰብኩ ግራ እጃቸው የት ነው?»

አጎትየው አሰብ አደረጉ። «ኮሌታቸው ላይ» አሉ በመጨረሻ። «ፍርሃት ነዋ። ሰው ሲፈራ አንገቱን ይነካል።»

«አክስቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሊጠይቋት መጥተው አልነበር? አልጋው አጠገብ ቆመው ሲጸልዩ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። ጎረቤት ሳይቀር አሜን ብሏል! ያን ዕለት ጋውን አልለበሱም፤ እጃቸውም አንገታቸው ላይ አልነበረም።»

«ቤት ሌላ፣ መድረክ ሌላ።»

«አንገት ግን አንድ ነው፣ አጎቴ።»

ሳስተምራት እንደዚህ ተናጋሪ አልነበረችም። ካርታ ስትስል ብቻ ነበር መኖሯ የሚታወቀው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ።

ጋውኑን ከጠረጴዛው አንስታ ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለችውና በእጇ እያመለከተች ቀጠለች። «ይህን ትከሻ ይዩት እስቲ። መጋቢዋ ሲለብሱት ከትከሻቸው አልፎ ክንዳቸው ላይ ነው የሚወድቀው። ታዲያ መያዣ የሌለው ልብስ ወዴት ይሄዳል? ጀርባው ከባድ ነው፤ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ኮሌታውን ይዞት ይሄዳል፤ ኮሌታው ደግሞ ጉሮሯቸውን ይይዛል። እርስዎ ኮሌታውን ባላሉት ቁጥር ጋውኑ የባሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሽታው ትከሻው ላይ ነው፤ እርስዎ የሚያክሙት አንገቱን።»

ጋሽ ሜትር ጋውኑን ትክ ብለው አዩት። «ቅዱ እኮ ምንም አልሆነም። ልኬቱን ይዤ 'ትንሽ' የሚለው ላይ ነው የቆረጥኩት።»

«የማንን ልኬት?»

እጃቸው አንገታቸው ላይ ወዳለው ሜትር ሄደ።

«አጎቴ?»

«የባለቤታቸውን» አሉ።

«የማንን?»

«የባላቸውን ነዋ! ምን ያስደነግጥሻል? እሳቸው ሊለኩ መጥተው እዚህ ቆሙ። እኔ ታዲያ በመጋቢ ደረት ላይ፣ ያውም በሴት፣ ያውም በሰው ሚስት፣ እንዴት ብዬ ሜትር ልዘርጋ? ነውር አይደለም? አፍሬ መሬት መሬት ሳይ ባልየው ከኋላቸው ቆመው አየኋቸው። 'እስቲ እርስዎ ይምጡ' አልኳቸው። እሳቸውን ለካሁና በየአቅጣጫው አራት አራት ጣት ቀነስኩ። ሴት ያው ከወንድ ቀነስ ያለች ናት ብዬ። አክብሬያቸው ነው!»

አንባቢ ይፍረደኝ፤ መሳቅ አልፈለግሁም ነበር። ነገር ግን ሜትር ከአንገታቸው የማያወርዱ፣ ስማቸውም ሜትር የሆነ ሰው ለባሿን ትተው ባሏን መለካታቸውን ስሰማ፣ በዚያ ላይ እኔ ራሴ ያለ ሱሪ በጋውን ተቀምጬ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ሜትር ቅር አላቸው። ልጅቷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አጎቴ፣ ሴት የተቀነሰች ወንድ አይደለችም። ትከሻዋ ጠበብ ይላል እንጂ ደረቷ አይቀነስም። ወገቧ ገባ ይላል፣ ዳሌዋ ወጣ ይላል። ከሁሉም ቦታ እኩል ሲቀንሱ መቀነስ የሌለበት ተቀነሰ፣ በደንብ መቀነስ የነበረበት ደግሞ ሳይበቃው ቀረ።»

«ወገብና ዳሌ እያልሽ ነው እንግዲህ ጋውኑን የድግስ ቀሚስ የምታደርጊው!» አሉ ጋሽ ሜትር ሞቅ ብሏቸው። «ጋውን የተፈጠረው ሰውን እንዲሸፍን ነው። ምዕመኑ ቃሉን ይስማ እንጂ የሰባኪውን ቁመና እንዲያይ አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት የሚለብሰው ለዚህ ነው። ዛሬ ለሴት ለብቻ ቅድ ባወጣ፣ ነገ ጥልፍ ጨምርበት እባላለሁ፤ ከነገ ወዲያ ወገቡን አጥብቀው እባላለሁ። መቆሚያም የለው!»

ይህን ሲሉ ሳቄ ቆመ። ሽማግሌው ዝም ብለው ግትር አይደሉም፤ የሚጠብቁት ነገር አላቸው። ተማርን የምንል ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ ልማድ የሚጠብቅን ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ ሳንጠይቀው ኋላ ቀር እንለዋለን። የወንድማቸው ልጅ ግን እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ አልወጣም።

«እውነትዎን ነው» አለች። «እኔም የምፈልገው እንዲሸፍን ነው። ግን ባለፈው እሁድ ሰው ምን ሲያይ ነበር? እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ፣ ትከሻቸውን ሲያነሱ፣ ደረጃ ሲወጡ የጋውኑን ጠርዝ ሲይዙ። የሰው ሕፃን ታቅፈው ጠርዙን ረግጠው ሊወድቁ ሲሉ ቤቱ ሁሉ በድንጋጤ አልተነሳም? ከቃሉ ይልቅ ያየነው ልብሱን ነው። በልካቸው ቢሰፋ ኖሮ ምን እንደለበሱ ማንም ልብ አይልም ነበር። ጨርቁ ያው ይሁን፣ ቀለሙም ያው፣ ስፋቱም ያው። ከራሳቸው ትከሻ ላይ ይውረድ ነው የምለው።»

«ማን ይለካቸዋል ታዲያ?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

ጋሽ ሜትር መቀሱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «የቤተ ክርስቲያን ጋውን በዚህ ቤት ከእኔ በቀር ማንም ቆርጦ አያውቅም» አሉ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። እኔም የሰፋውን ሱሪዬን ለበስኩ፤ የሱሪዬን ያህል ደረቴ ግን አልሰፋም።

ልወጣ ስል ልጅቷ አጎቷን እንዲህ ስትላቸው ሰማሁ፦ «እሺ፣ ይቅር። የሥራ ካፖርትዎ ግን ክርኑ ላይ ተቀዷል። አዲስ ልስፋልዎት፤ ይህንስ ይፈቅዱልኛል?»

«እሱንማ ስፊ!» አሉ ደስ ብሏቸው። የተሸነፈች መስሏቸዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተና ሐሙስ ዕለት የቀሩትን ሱሪዎቼን ሁሉ ታቅፌ ተመለስኩ። ሱሪዎቹ ሰበብ ናቸው። የጋሽ ሜትር ባለቤት ከሕመማቸው ድነው ምሳ ይዘው መጥተዋል፤ ልጅቷ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዲስ ካፖርት በካውያ እየተኮሰች ነው።

«እንኳን መጡ መምህር! አጎቴ ሲለብሱት ይዩልኝ» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ነበረ።

አጎትየው ካፖርቱን ለበሱ። ለበሱ ማለት ይከብዳል፤ ገቡበት ቢባል ይሻላል፤ መውጣታቸው ያጠራጥር ነበር። ጀርባቸው ላይ ጨርቁ ሊቀደድ ደርሷል፤ ደረታቸው ላይ ግን ሁለት ዳቦ የሚያስቀምጥ ቦታ ተርፎ ተንጠልጥሏል። ወገባቸው ላይ ሰርጎ፣ ከወገባቸው በታች እንደ ጃንጥላ ተከፍቷል። ባለቤታቸው በመሐረብ አፋቸውን ያዙ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ሜትር። «ትምህርት ቤት ያስተማሩሽ ይህን ነው? ማንን ለክተሽ ነው?»

«አክስቴን» አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ። «እርስዎን የመሰለ ሰው፣ ያውም አጎቴን፣ ያውም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ደረትዎ ላይ ሜትር መዘርጋት ድፍረት ሆነብኝ። ስለዚህ አክስቴን ለካሁና በየአቅጣጫው አራት አራት ጣት ጨመርኩ። አክብሬዎት ነው።»

ባለቤታቸውን መሐረቡ አልበቃቸውም። «እኔ ደግሞ ምን ልትሰፋልኝ ነው ብዬ ጓጉቼ ነበር!» እያሉ ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። እኔ መስኮት መስኮቱን ማየት ያዝኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት» አለች ልጅቷ። «ይህን ጠረጴዛ እንደ መድረክ ይቁጠሩት። ሁለት እጅዎን ወደ እኛ አንስተው የእሁዱን ቡራኬ ይበሉልን።»

ተቆጥተው የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ልብስ ሰፊ ናቸውና፣ ክፉም ቢሆን የተሰፋ ልብስ ሳይፈትሹ አይለቁም። እጃቸውን አነሱ። እጃቸው ትከሻውን ሳበ፣ ትከሻው ጀርባውን፣ ጀርባው ኮሌታውን። «እግዚአብሔር ይባር…» ብለው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ፤ የወጣው ድምፅ ሰልሎ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ግራ እጃቸው ማንም ሳያዘው ሄዶ ኮሌታቸውን ያዘ።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሜትር ፊት ለፊት ባለው መስታወት ራሳቸውን አዩ፤ እጃቸው የት እንዳለም አዩ።

«ፍርሃት አልነበረማ» አሉ ቀስ ብለው።

«አልነበረም፣ አጎቴ።»

«እኔ ነኛ ያነቅኋቸው።»

«በአክብሮት ነው ያነቋቸው» አለች። ስትናገር አልተሳለቀችም፤ በጀርባቸው ዞራ ካፖርቱን በቀስታ አወለቀችላቸው።

በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። «ሽማግሌ ነኝ እኮ» አሉ። «እሁድ ተነስቼ 'ድምፅ የላቸውም' ልል ነበር። በእጄ አፍኛቸው፣ በአፌ ደግሞ ልመሰክርባቸው!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባለቤታቸው ሳቃቸውን ትተው ትከሻቸውን ያዙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ገና ሐሙስ እኮ ነው» አሏቸው። «እሁድ መቼ ደረሰና ነው የምታለቅሰው? ብላና ተነስ፣ ሥራ!»

እኔ ከዚህ የተሻለ ምክር አልነበረኝም።

መጋቢዋ ተደውሎላቸው ከሰዓት በኋላ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ፈገግታቸው ቶሎ የሚመጣ ሴት ናቸው። ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ለወንድማቸው ልጅ አቀበሏት፤ አንገታቸው ያለ ሜትር ሳየው ራቁቱን የቀረ መሰለኝ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ገቡ፤ እኔና ጋሽ ሜትር ወዲህ ቀረን።

«እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ትላለች ልጅቷ። «እስቲ ምን ምን እንደሚቸግርዎት ይንገሩኝ።»

«ሁሉንም ልንገርሽ?» አሉ መጋቢዋ። «የማይክሮፎኑን ባትሪ የማደርግበት ቦታ የለኝም። ወንዶቹ ቀበቷቸው ላይ ይሰኩታል፤ እኔ ቀሚሴ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዤው፣ በስብከት መሀል ወድቆ ደረጃውን ዱብ ዱብ እያለ ወረደ። ሳጠምቅ እጅጌዬ ከሕፃኑ ቀድሞ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እስካሁን ከማንም በላይ ያጠመቅሁት እጅጌዬን ነው!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ኪስም እፈልጋለሁ። ሐዘን ቤት ስሄድ መሐረብ የምይዝበት የለኝም፤ አጠገቤ ሰው ሲያለቅስ በምን ልጥረግለት? ደግሞ ልጅ ብንወልድ እያልን ነው። ያኔ ሌላ ላሰፋ ነው?»

«አያሰፉም። በሁለቱ ጎን ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አስቀርልዎታለሁ፤ ሲያስፈልግ ይለቀቃል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል።»

«ይሄም ይቻላል ለካ!»

ጋሽ ሜትር ጆሯቸውን አቁመው ሲያዳምጡ ቆይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ይሄ የማን ድምፅ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የመጋቢዎ ነዋ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበር?»

ጠረጴዛው ላይ የተጣለውን ጋውን አየሁ። እሳቸውም አዩት።

መጋቢዋ ከመጋረጃው ሲወጡ ጋሽ ሜትር ቆመው ጠበቋቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «ልብሱን በእርስዎ ልክ አልሠራሁትም። ጥፋቱ ከእኔ ነው።»

መጋቢዋ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጋውኑን እያዩ ቆሙ። «እኔ ደግሞ ጥፋቱ የጉሮሮዬ መስሎኝ» አሉ። «ማር ያልዋጥኩበት፣ ዝንጅብል ያላኘክሁበት ቀን የለም። ባለቤቴን 'ጥሪው የእኔ አይደለም መሰል፤ እሁድ ሂጂ ሳይሉኝ በራሴ ልሂድ' ብዬው ነበር።» ይህን ሲሉ ፈገግታቸው ጠፋ፤ ወዲያው ተመልሶ መጣ፤ ግን ከእንባ ጋር ነበር የመጣው።

እነሆ፣ የነገሩ ክብደት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልብስ አልገጥም ያለው ሰው ልብሱን አይጠረጥርም፤ ራሱን ነው የሚጠረጥረው። ለሌላ ሰው በተሠራ ወንበር፣ ለሌላ ሰው በተሠራ ሰዓት፣ ለሌላ ሰው በተሠራ ጋውን ውስጥ ገብተው «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለው የወጡ ስንት ይሆኑ? ሳስተምር በኖርኩበት ክፍል ውስጥም እንደዚህ ያሉ ሳይኖሩ አልቀሩም።

ዓርብና ቅዳሜ ሁለቱ መኪናዎች አላረፉም። ልጅቷ ቆረጠች፣ አጎቷ ሰፉ። አልተጣሉም ማለት አይደለም። ኮሌታው ዝቅ ይበል ስትል አይሆንም አሉ፤ ኮሌታው ባለበት ቀረ። እጅጌው ከእጅ አንጓ ላይ በቁልፍ ይሰብሰብ ስትል ግን ሲያጉረመርሙ ቆይተው ቁልፉን ራሳቸው ተከሉት። ከደረቱ ግራና ቀኝ ጨርቁ በስሱ ተቆንጥጦ ወደ ውስጥ ሲሰፋ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ሲለበስ አይታይም?» ብለው ጠየቁ። «ሲለበስ አይታይም» አለች። «እንግዲያው ይሁን» አሉ።

እሁድ ከሌላው ጊዜ ቀድሜ ተነሳሁ። ቤተ ክርስቲያን አዘውትሬ የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን ሱሪዬም ሰፍቶ፣ ልቤም ተንጠልጥሎ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥኩ። ድምፃቸው ከኋላ መሰማቱን በራሴ ጆሮ ላረጋግጥ ፈልጌ ነው።

መጋቢዋ ደረጃውን ወጡ፤ የጋውኑን ጠርዝ አልያዙም። መድረኩ ላይ ቆሙ፤ ግራ እጃቸው መጽሐፉ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ተናገሩ። ድምፃቸው ሞቅ ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ማይክሮፎኑን አሠሩት መሰለኝ» አሉ። ስለ ጋውኑ ግን ማንም ምንም አላለም። ልጅቷን ዞር ብዬ አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታዳምጠው።

ስብከቱ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ በጎን በኩል ወዳለችው ክፍል ገቡ። እኛ ግቢው ውስጥ ቀረን፤ መጋቢዋ ከባለቤታቸው ጋር፣ እኔ ከልጅቷና ከአክስቷ ጋር። የክፍሉ መስኮት ክፍት ነበር፤ ጋሽ ሜትር ደግሞ ዝግ ብሎ መናገር አይሆንላቸውም።

«ወንድሞቼ» ሲሉ ሰማናቸው፤ «የሴት ድምፅ ለመድረክ አይሆንም ስል የነበርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የሰማችሁት ድምፅ ትናንትም ነበረ። እኔ ባልየውን ለክቼ ሚስትየውን ስላለበስኩ ነው ታንቆ የቀረው። እስካሁን ስትመዝኑ የቆያችሁት የእኔን ስፌት ነው እንጂ የእሳቸውን አገልግሎት አልነበረም።»

አንድ ሰው «ባልየውን?» አለ። ሌላው «ባልየውን!» ብሎ ደገመ። ከዚያ በመስኮቱ የወጣው ሳቅ ግቢውን አናወጠው። ባልየው ራሳቸው አጠገባችን ቆመው «እኔም እጄን አንስቼ መለካቴን አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም» አሉ። በሳቅ የተጀመረ ስብሰባ ክፉ ውሳኔ ይዞ አይወጣም ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ ተስፋዬም አላሳፈረኝም። በሩ ተከፍቶ ጋሽ ሜትር ቀድመው ወጡ፤ ገና ከደረጃው ሳይወርዱ ፊታቸው ነገረን። መጋቢዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ያን ያህል ትንፋሽ በአሮጌው ጋውን ውስጥ ባልተቻላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልናገር። ወሬው ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ተዛመተ። ሴት ሰባኪዎች፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ አንዷ ከዘራ ይዛ፣ አንዷ ከወንዶቹ ሁሉ ረዝማ እየመጡ በየልካቸው አሰፉ። ሁሉም ያንኑ ጥቁር ጨርቅ፣ ያንኑ ኮሌታ ይለብሳሉ፤ ልብሱ ለሁሉም ከራሳቸው ትከሻ ላይ ይወርዳል። ጋሽ ሜትር የፈሩት ጥልፍ እስከ ዛሬ አልመጣም። እንዲያውም ወንድ ሰባኪዎች ሳይቀሩ የውስጡን ኪስ አይተው «ለእኛስ?» ማለት ጀምረዋል። ሜትሩ አንድ ቀን አጎትየው አንገት ላይ፣ አንድ ቀን ልጅቷ አንገት ላይ ነው። ስሙ ግን ከሽማግሌው አልተወሰደም።

ባለፈው ሳምንት ሱሪ ላሰፋ (አዎ፣ ዳግመኛ) ሄጄ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው ኮት ሊያሰፋ ገባ። ጋሽ ሜትር ለክተውት ሲያበቁ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ከ«ትልቅ»ና ከ«ትንሽ» ጎን፣ በአዲስ ሚስማር ላይ፣ በጋሽ ሜትር እጅ «መጋቢት» ተብሎ የተጻፈበት ቅድ ተንጠልጥሏል።

«ምነው ጋሼ» አለ ሰውየው ደንግጦ፤ «እስከ መጋቢት ሊያቆዩኝ ነው?»

ጋሽ ሜትር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና ሳቁ። «አይዞህ፣ ያንተ ቶሎ ይደርሳል» አሉት። «እሷ የወር ስም አይደለችም። ሰው ናት፤ ተለክታለች።»